ሸረሪቷ ወልዳለች

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ የሚያስወቅሰኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ በኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ እያሳፈረኝ ይኸው እዚህ ደረስኩ። ወቀሳውን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ቤቴ ያለችው ሸረሪት 112 ልጆች ወልዳለች።

ሸረሪት ስልህ ያኔ በመኝታ ክፍላችን ጣሪያ ላይ በጫማ ታሳድዳት የነበረችውን ቀጭን ፍጥረት እንዳይመስልህ። ይህች ታራንቱላ የሚሏት ናት፤ እግሮቿን ስትዘረጋ መዳፌን የምትሸፍን፣ ጠጉራም፣ ቀለሟ ደረቅ ሣር የመሰለ። ባለፈው ግንቦት ከታቦር ተራራ ባሻገር ለቤት መሠረት የሚቆፍሩ ልጆች ጉድጓዷን አፍርሰው አወጧት፤ አንደኛው አካፋውን ሲያነሣ ደርሼ ለመንኩትና በተቆረጠ ጀሪካን ይዣት መጣሁ። አልሙኒየም ቤት የመስተዋት ሳጥን አሠርቼ ከዚያው ከመጣችበት አፈር ሞላሁበት፣ በጠርሙስ ክዳንም ውኃ አኖርኩላት። በሁለት ሌሊት ውስጥ የመስተዋቱን ጥግ ይዛ ጉድጓድ ቆፈረችና ግድግዳውን በድር ለበጠችው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለህ እንደምትተርትብኝ ይታወቀኛል፤ የእርሷ ድር ግን አንበሳ ቀርቶ ዝንብ ለማሰርም የተዘረጋ አይደለም። ቤቷን ለማንጠፍና የሚያልፍ ነገር ሲነካው ንዝረቱን ለማዳመጥ ብቻ ነው፤ አደኑን የምትፈጽመው ዘላ በመያዝ ነው።

ምግቧ በሳምንት አንድ ፌንጣ ወይም በረሮ ነበር። በረሮውን ከጎረቤት አልቀበልም፤ ፍሊት የተነፋበት ከሆነ እርሷንም ይገድላታልና። በእጄም አልነካትም። የአሜሪካ ታራንቱላዎች የሚያሳክክ ጠጉር ከሆዳቸው አራግፈው ጠላታቸውን ያባርራሉ፤ የአፍሪካዎቹ ያ ጠጉር ስለሌላቸው የሚመኩት በንክሻቸው ነው፤ ንክሻው ደግሞ እጅግ ያማል። ስለዚህ ሥራዬን ሁሉ የምሠራው በረጅም ወረንጦ ነው።

በመስከረም መብላት አቆመች፤ ሆዷም ተነፋ። ቆዳዋን ልትቀይር ነው ብዬ ዝም አልኳት። ጥቅምት 18 ቀን ጧት በመስተዋቱ በኩል ሳይ ግን እንቁላሎቿን የጠቀለለችበት ከሎሚ አነስ ያለ ነጭ ኳስ አቅፋ ተቀምጣለች። አከራዬ እማማ ሰምተው «አንዲት ናት ብለህ ስታበቃ ወንዱን ደብቀህ አስገብተህብኛል» ሲሉ ተቆጡኝ። ወንድ ግን በቤቱ አልነበረም። ሴቷ ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ባለች ትንሽ ከረጢት አኑራ ከወራት በኋላ ልትጠቀምበት ትችላለች፤ ቆዳዋን ስትቀይር የከረጢቷም ሽፋን አብሮ ስለሚወልቅ ያን ጊዜ ዘሩ ይጠፋል። እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ደግሞ አንድ ጊዜም ቆዳ አልቀየረችም። ያ አካፋ ሲነሣባት ይህን ሁሉ ይዛ ነበር ማለት ነው። ለእማማ ይህንን ሳስረዳቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው «ታዲያ አባትየውስ?» አሉ። ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ ብዙ እንደማይቆዩ ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አለመሥራት ነበር፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚከብድ የለም። እናቲቱ ከተረበሸች እንቁላሏን ልትበላው ትችላለች። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፈንኩ፤ ከውኃ በቀር ምንም አላስገባሁም። እማማ ቡና ሲወቅጡ የሙቀጫው ምት በወለሉ በኩል እንደሚደርስባት ስላየሁ በስንት ልመና ከጓሮ እንዲወቅጡ አደረግኋቸው። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የጨርቁን ጥግ ገለጥ አድርጌ አያት ነበር፤ ኳሱን በፊት እግሮቿ እንዳቀፈች እስከ ጉድጓዱ አፍ ይዛው ትወጣና ታሞቀዋለች፣ ቆይታም በዝግታ ታገላብጠዋለች። ካልተገላበጠ ከሥር ያሉት እንቁላሎች ይበላሻሉ። ብርዱ ሲመጣ መልሳ ወደ ታች ታወርደዋለች።

በሠላሳኛው ቀን ፈተና ገጠመኝ። ብዙ አርቢዎች በዚያ ጊዜ ኳሱን ከእናቲቱ ነጥቀው ራሳቸው እያገላበጡ ያስፈለፍላሉ፤ እኔም ወረንጦዬን አንሥቼ ክዳኑን ከፍቼ ነበር። የፊት እግሮቿን አንሥታ ጥርሶቿን ስታሳየኝ ክዳኑን መለስኩት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ ባዶ ጉድጓድ የማገኝ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ።

ታኅሣሥ 14 ቀን፣ በሃምሳ ስድስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ከጉድጓዱ አፍ አንድ የጤፍ ፍሬ እግር አብቅሎ ሲራመድ አየሁ። እስከ ማታ የሳጥኑ ግድግዳ በእነርሱ ተሞላ። እናቲቱ አትነካቸውም፤ ሰንበት ሲሉ ግን እርስ በርስ መበላላታቸው አይቀርም። ሠላሳውን በመድኃኒት ብልቃጥ ለየብቻ ለይቻቸዋለሁ፤ ምግባቸውም ከበሰበሰ ሙዝ ላይ የማይጠፉት ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። የቀሩትን እናታቸው ወደ ተገኘችበት ገላጣ ልመልሳቸው አስቤ ነበር፤ ሄጄ ሳየው ግን ቦታው ኮንክሪት ተሞልቶበታል። ከዚያ ርቆ ግንባታ ያልደረሰበት ተዳፋት አለ፤ ጥቂት ጠንክረው እዚያ እለቃቸዋለሁ።

ለገና እንደምትመጣ ወንድምህ ነግሮኛል። እኔ ቤት ነው የምታርፈው፤ ክርክር አልቀበልም። የእንግዳውን ክፍል ሳጥኗና ብልቃጦቹ ስለያዙት ግን ሳሎን አነጥፍልሃለሁ፤ ጫማህንም በር ላይ እረከብሃለሁ።

የማይረሳህ ወዳጅህ