ለቡታን ጠቅላይ ሚኒስትር፦ ከንጉሡ ችሮታ ጎን የዜጋው መብትም ይቁም

ለክቡር ፀሪንግ ቶብጌ
የቡታን ጠቅላይ ሚኒስትር
ቲምፉ

ክቡር ሆይ፣

የምጽፍልዎት ኢትዮጵያዊ ነኝ። እኛ ንጉሠ ነገሥታችንን በወታደር እጅ ከዙፋን ያወረድነው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እናንተን ግን ወደ ምርጫ የመሯችሁ ንጉሣችሁ ራሳቸው ናቸው፤ አራተኛው ንጉሥ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕዝቡ የመጀመሪያውን ምክር ቤት መረጠ፣ ሕገ መንግሥቱም በዚያው ዓመት ጸደቀ። ሳስበው እቀናለሁ።

ጉዳዬ «ኪዱ» የምትሉት የንጉሡ ችሮታ ነው። መሬት የሌለው መሬት፣ ድሃ ተማሪ የትምህርት ወጪ፣ ቤቱ የተቃጠለበት መጠለያ ከንጉሡ እጅ ያገኛል፤ ዜግነት መስጠትም ሳይቀር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 2 የንጉሡ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ቱሪዝሙን ሲያቆመው ሥራ ላጡት የወር ድጎማ የደረሳቸው በዚሁ በኪዱ በኩል ነበር። ፈጥኖም ደርሷል፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ታዲያ ያልደረሰው ሰው ማንን ይጠይቅ? ስጦታን «ለምን ቀረብኝ» ብሎ የሚሞግት የለም። የመረጠውን እንደራሴም አይወቅስ፤ ሰጪው እንደራሴው አይደለም። ድሃው እንዲህ ከተመራጩ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

እኛ አገር ዙፋን ችሎት ነበር። «አቤት!» ብሎ ጃንሆይ ፊት የደረሰ፣ ከቀናው ፍርድ ያገኛል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ግን ባለሥልጣናቱ ነገሩን ሸሸጉት፤ ገበሬው «ይገባኛል» የሚልበት ሕግ፣ የሚይዘው ነጻ ተመራጭም አልነበረውም።

ንጉሥዎ በየተራራው መንደር በእግር እየሄዱ የሰው ችግር የሚሰሙ ናቸው። ነገር ግን ሕገ መንግሥታችሁ ንጉሥ በ65 ዓመቱ ዙፋን እንዲለቅ ያዛል፤ ተተኪው የእርሳቸውን ደግነት እንዲወርስ የሚያደርግ አንቀጽ የለውም።

ኪዱ ይቅር አልልም። አንቀጽ 9 መንግሥት ለታመመ፣ አካሉ ለተጎዳ፣ ያለጥፋቱ መተዳደሪያ ላጣ ሰው ዋስትና ለመስጠት እንዲጥር ይላል። ያ ጥረት ዐዋጅ ይሁን፤ ለማን ምን ያህል እንደሚገባ፣ የተከለከለ ሰው የት ይግባኝ እንደሚል ይጻፍበት፣ በጀቱንም ምክር ቤቱ በየዓመቱ በይፋ ይመርምረው። ኪዱ ሕጉ ላልደረሰለት ሰው ይቆይ። ረቂቁን በዚህ የሥልጣን ዘመንዎ እንዲያቀርቡ በትሕትና እለምንዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኢትዮጵያዊ