ትንፋሽ የቆጠርንበት ዓመት፦ የጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የጤና ክበባችን ከዚህ በፊት የሚታወቀው በሚኒ ሚዲያ በሚያስተላልፈው የእጅ መታጠብ መልእክትና በወላጆች ቀን በሚያቀርበው ጭውውት ነበር። ሁለቱም ዘንድሮ አልቀሩም። የዓመቱን አቅጣጫ የቀየረው ግን በመስከረም መጨረሻ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ነው። አጎቱ በክረምቱ በሳንባ ምች ታመው ድንገተኛ ክፍል ገብተው ነበር። «ኦክስጅን አደረጉላቸው፣ ግሉኮስ ሰቀሉላቸው፣ መርፌ ወጓቸው፤ ዳኑ። ግን ቲቸር፣ ከዚህ ሁሉ ያዳናቸው የቱ ነው? ሐኪሞቹስ የቱ እንደሚያድን በምን አወቁ?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። የሳንባን አሠራር በሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ሳንባው ለታመመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረገው ነገር በምን ተፈትኖ እንደጸደቀ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ አብረን ልንማር ተስማማን። እዚሁ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ዛሬ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነች እህታችን ሁለት ጊዜ መጥታ አስተምራናለች፤ በሌሎቹ ሐሙሶች ደግሞ ስልኳን ከፍታ ጥያቄያችንን ስትመልስ አምሽታለች። በመስከረም የተመዘገቡት 34 ነበሩ፤ እስከ ግንቦት የዘለቁት 21 ናቸው።

ዶክተር ገና በመጀመሪያው ቀን ያዘዘችን አንድ ሥራ ብቻ ነበር፦ ትንፋሽ መቁጠር። መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡና አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ቆጠረ። ውጤቱ የተዘበራረቀ ሆነ። የሚቆጠርበት መሆኑን ያወቀ ሰው ትንፋሹ ሳይፈልግ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ያረዝመዋል። መፍትሔውን ያገኘችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። «የልብ ምቷን የምቆጥር መስዬ እጇን ያዝኩ፤ ዓይኔ ግን ደረቷ ላይ ነበር» አለችን። ዶክተር ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሐኪሞችና ነርሶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን ሞከርን። አንዲት ትንፋሽ ካመለጠች በደቂቃ 4 ትንፋሽ ትጠፋለች ማለት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ የገባን የብሪታንያ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለውን የነጥብ ሰንጠረዥ ስናይ ነው። ሰንጠረዡ ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ትንፋሽ፣ በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃተ ኅሊናና ሙቀት። ኦክስጅን የተሰጠው ሰው 2 ነጥብ ይጨመርበታል። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ከሆነ ዜሮ ነው፤ ከ21 እስከ 24 ከሆነ 2 ነጥብ፣ 25 ከደረሰ ደግሞ 3። ድምሩ 7 ሲሞላ ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል። እንግዲህ አራት ትንፋሽ የዘለለ ሰው፣ 24 የሚተነፍሰውን በሽተኛ 20 ብሎ ይጽፍና ጤነኛ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ለተማሪዎቹ ነግሬአቸዋለሁና እዚህም ልጻፈው። በ2008 ዓ.ም. አባቴ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሌሊቱን አጠገባቸው አድሬ ነበር። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነሣል ይወድቃል። ከአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ግን በትንፋሽ መስመር 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ተጽፏል። እኔም መምህር ሆኜ ሰዓት እጄ ላይ እያለ አልቆጠርኩም፤ መቆጠር እንዳለበት አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ቁጥሩ በትክክል ቢጻፍ ይተርፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። በዚያ ሌሊት አንዲት ነርስ ክፍሉን ሙሉ ብቻዋን ይዛ እንደነበረም አይቻለሁ፤ እሷን አልወቅስም። ዶክተርን ስጠይቃት ግን ይህ «20» የምትባል ቁጥር በብዙ አገር በሽተኞች ወረቀት ላይ ሳትቆጠር የምትጻፍ መሆኗን፣ ትንፋሽም ከሁሉ በላይ ችላ የሚባል ምልክት እንደሆነ በጥናት ጭምር የታወቀ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ በክበቡ ውስጥ ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ የሚያባዛ የለም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ በጣት ላይ የሚደረገውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካውን ኦክሲሜትር ተዋስን። የመሣሪያውን መሠረተ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል ለአንባቢ አልነግርም። ቀዝቃዛ ጣት ላይ መሣሪያው ቁጥር መስጠት እምቢ ይላል፤ ጥፍር ቀለምም ያስቸግረዋል። እጆቻችንን በብብታችን እያሞቅን ለካን። አንድ ልጅ 93 ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ሰንጠረዡን በቃሉ ይዞ ነበርና 96 እና ከዚያ በላይ ብቻ ዜሮ እንደሚያሰጥ፣ 93 ደግሞ 2 ነጥብ እንደሆነ ያውቃል። እሱ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ኳስ ሲጫወት የነበረ ጤነኛ ልጅ ነው።

እኔ ዘንድሮ ካገኘናቸው ትምህርቶች ሁሉ ይህችን እወዳታለሁ። ሰንጠረዡ የተሠራው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ አገር ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ልኬቱን እንዳለ ገልብጦ እዚህ ማምጣት ጤነኛውን በሽተኛ ሊያደርግ ይችላል። ነገሩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለክተው የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል። የቲቤት ሰዎች በደጋቸው የኦክስጅን መጠናቸው ይወርዳል፤ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደግሞ በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይጨምራል። በዚያ ጥናት የተለኩት ኢትዮጵያውያን ሁለቱም አልታየባቸውም። የ9ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሲሰሙ የነበረው ጸጥታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የኦክሲሜትርን ቁጥር ከደም ምርመራ ጋር አነጻጸረ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባለበት ጊዜ፣ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ላይ ነው። የእኛ ቆዳ ላይ የሚውለው መሣሪያ በማን ቆዳ ላይ እንደተፈተነ መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል።

ከሰሚስተር ፈተና በኋላ ወደ ግሉኮሱ ተመለስን። ይህ ክፍል ብዙ ሐሙሶችን ወስዶብናል፤ የወሰደውም ተገቢ ነው። በአገራችን የታመመ ሰው ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይባላል። ካልተሰቀለ አልታከመም ይባላል። ሐኪሞችም ዓለም አቀፍ መመሪያ ይዘው፣ በከባድ ኢንፌክሽን ደም ወደ ሰውነቱ በደንብ ለማይደርስለት ሰው በደም ሥር ቶሎና በብዛት ፈሳሽ መስጠት ትክክል ነው ሲሉ ቆይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ይመስላል፦ የደም ግፊት ሲወርድ ቧንቧው ይሞላ።

ይህን የፈተነው ታላቅ ጥናት የተካሄደው በጎረቤቶቻችን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ነው። የመሩት ካትሪን ሜይትላንድ ናቸው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከፍተኛ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ቡድን በፍጥነት የሚገባ ሳላይን (ጨው ያለበት ፈሳሽ)፣ ሁለተኛው በፍጥነት የሚገባ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ) አገኘ፤ ሦስተኛው በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ አልተሰጠውም። ሦስተኛው ቡድን ተጣለ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ፤ አንቲባዮቲኩንም፣ የወባ መድኃኒቱንም፣ በዝግታ የሚሰጠውን ፈሳሽም እንደሌሎቹ አግኝቷል።

በ48 ሰዓት ውስጥ ሳላይን ካገኙት 10.5 በመቶ፣ አልቡሚን ካገኙት 10.6 በመቶ ሞቱ። በፍጥነት ፈሳሽ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ናቸው።

ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቹ ተሳስቻለሁ ብለው አረሙኝ። ገልብጬ የጻፍኩ መስሏቸዋል። ከዚያ ሒሳቡን ራሳቸው ሠሩት፦ ከየ100 ሕፃናት ሦስት ገደማ፣ ይጠቅማቸዋል ተብሎ በተሰጣቸው ነገር ሞተዋል ማለት ነው። ጥናቱ ከታሰበው በፊት እንዲቆም ተደረገ። አንዲት ተማሪ «ጥናቱ ባይደረግ ኖሮ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ይድናሉ» አለች። እውነቷን ነው። ከመቶው 89 ሲድኑ ያየ ሐኪም ፈሳሹ አዳናቸው ይላል እንጂ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

በአዋቂዎች ላይ ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ቤን አንድሪውስና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁ። በሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ በሚመጣ ከባድ ሕመም፣ የደም ግፊታቸው የወረደ 209 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ ተመደቡ። አስቀድሞ በተወሰነ የሕክምና ቅደም ተከተል ቶሎ ብዙ ፈሳሽና የደም ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት ከተሰጣቸው 48.1 በመቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ። ይህ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። በ2023 በአሜሪካ በ1,563 ሰዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ግን ፈሳሽ በቆጠቡትና በለገሱት መካከል በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም። እዚያ ሕመምተኛው ቢደክም መተንፈሻ መሣሪያና ጽኑ ሕሙማን ክፍል በአቅራቢያው አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካው ጥናት በነበሩት ሆስፒታሎች ግን እንዲህ ያለው ነገር አልነበረም። የውጤቱ ልዩነት በዚህ ብቻ ይገለጻል ባልልም፣ የአንድ አገር መልስ ለሌላው አገር እንዳለ እንደማይሆን ያሳያል። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር መስጠትን «እንመክራለን» ከማለት ወደ ለዘብተኛ ሐሳብ አውርዶታል።

አንባቢ ወላጆች ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ልጅ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሰውነቱ ሲደርቅ ፈሳሽ ሕይወቱ ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ (ኦአርኤስ) ሊዘገይበት አይገባም። የምሥራቅ አፍሪካው ጥናት ተቅማጥ የያዛቸውንና በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱትን ሕፃናት አላካተተም። የተማርነው ነገር፣ ሐኪሙ «አሁን ግሉኮስ አያስፈልገውም» ሲል ቸል ማለቱ እንዳልሆነ ነው። የአንዲት አባላችን አያት እማማ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ?» ብለዋት ነበር። ልጅቷ ተቀምጣ ትንፋሻቸውን ቆጠረችላቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ በየሳምንቱ «ዛሬስ ስንት ነው?» ይሏታል።

ዕጣ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት እቁብን ተጠቀምን። ሰብሳቢዋ መርጣ ብትሰጥ ኖሮ እህቷ ቀድማ ትወስድ ነበር፤ ሐኪምም መድኃኒቱን መርጦ ቢሰጥ ሳያውቀው ጠንካራውን ሰው ይመርጣል። የዕጣን ኃይልና የሰው ዓይንን ስሕተት ከሁሉ በላይ ያሳየን በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጥናት ነው። በ417 ሆስፒታሎች 17,187 ሰዎች ተካተውበታል። አስፕሪንና የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶኪናዝ አንድ ላይ ሲሰጡ በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚሞተው ሰው ከ13.2 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ በሽተኞችን በጣም ከፋፍሎ ማየት እንደሚያሳስት ለማስጠንቀቅ በኮከባቸው ከፈሏቸው። ኮከባቸው ገውዝና ሚዛን የሆኑት አስፕሪን ያልጠቀማቸው፣ እንዲያውም በመጠኑ የጎዳቸው መሰለ! በአገራችን ኮከብ ማስቆጠርን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ልጆቹም በቤታቸው ሲነገር የሰሙትን እያነሡ ረጅም ክርክር ገጠሙ።

ኮቪድን በአጭሩ አይተናል፤ አባሎቻችን ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበሩ። በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ዴክሳሜታዞን የተባለውን ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ውጤት ሲያወጣ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚታገዙት መካከል ሞት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም። የዚያኑ ወር መጀመሪያ ሰው ሁሉ ተስፋ የጣለበት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ምንም እንዳልረዳ ይኸው ጥናት አሳይቷል። ያንን ጥያቄ በመስከረም ያነሣው ልጅ በዚህ ቀን ከሁሉም በላይ ብዙ ጻፈ።

በወላጆች ቀን ከጭውውቱ በተጨማሪ ጠረጴዛ አቀረብን። ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ወንበርና ሰዓት ነበር፤ የመጣ ወላጅ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጥረው በትንሽ ወረቀት ይሰጡታል። ምርመራ እንዳልሆነ፣ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት በጉልህ ተጽፎ ነበር። ከአንድ አባት 26 ስለተቆጠረ ልጆቹ ደንግጠው እኔን ጠሩኝ። ዳገቱን ወጥተው ገና መድረሳቸው ነበር። አሥር ደቂቃ አሳርፈን ደግመን ስንቆጥር 16 ሆነ። ሁለቱንም ቁጥሮች ከነሰዓታቸው በመዝገቡ ላይ ጻፏቸው።

ስድስቱ የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለብሔራዊ ፈተና ስለሚሄዱ መዝገቡንና የክበቡን የእጅ ሰዓት በሰኔ የመጀመሪያው ሐሙስ ለ10ኛ ክፍሏ ልጅ አስረክበዋል። ለ2018 ዓ.ም. የያዝነው ጥያቄ አንቲባዮቲክን ይመለከታል፦ በስንት ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ለስንት ቀንስ? ስብሰባው እንደወትሮው ሐሙስ ከቀኑ 9፡30 በቤተ ሙከራው ነው። የሚመጣ ሁሉ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይዞ ይምጣ።