እማዬ፣ ባትሽን አታሳሺ

እማዬ፣

ትናንት በቪዲዮ ስናወራ ካሜራውን ፊትሽ ላይ ብቻ አድርገሽ ያዝሽው። እንደ ወትሮሽ ስልኩን ይዘሽ ቤቱን አልዞርሽም። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» አልሽኝ። እህቴ ባታወራ ኖሮ ቅዳሜ መጋረጃ ልትሰቅዪ ወንበር ላይ መውጣትሽን አልሰማም ነበር። ስለ ወንበሩ በኋላ እንነጋገራለን።

ወለምታ አይደለም። ወለምታ መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ የሚመጣ። ያንቺ ግን ከጉልበትሽ በታች፣ ባትሽ ላይ ነው። ስትወርጂ «ጧ» ሲል ሰው ከኋላ የመታሽ መስሎሽ ዞረሻል አሉ። ባቱ የተሰነጠቀበት ብዙ ሰው የሚያወራው ይህንኑ ነው። ጡንቻ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ገመድ ማለት ነው። ክብደትሽን ተሸክሞ በተኮማተረበት ቅጽበት በድንገት ሲለጠጥ ከክሮቹ የተወሰኑት ይበጠሳሉ። ጥቂት ከሆኑ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይድናል። ብዙ ከሆኑ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምናም ያስፈልገዋል። እያነከስሽም ቢሆን ስለምትራመጂና ስለጠቆረ፣ ያንቺ መካከለኛው ይመስለኛል።

ቁርጭምጭሚትሽ አካባቢ ስለወጣው ጥቁረት አትደንግጪ። ሌላ ቦታ ተጎድተሽ አይደለም። ላይ የፈሰሰው ደም ነው ወደ ታች የወረደው። ሲሰነብት አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ይጠፋል።

አሁን የምቆጣሽ ነገር አለ። በሙቅ ውሃ ነክረሽ በኃይል አሳሽተሽዋል አሉ። ተይ፣ እማዬ! ገና እየደማ ያለን ነገር ሙቀትና እሽት የባሰ ያደማዋል፣ ያሳብጠዋል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙቀትም እሽትም የለም። በረዶ ይሻላል። በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢበት፣ ከዚያ አንሺው፤ በቀን ሦስት አራቴ ይበቃል። በቀጥታ ቆዳሽ ላይ አታድርጊው፣ ያቃጥላል። በላስቲክ ፋሻ ጠቅልዪው፤ ጣቶችሽ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ግን ቶሎ ፍቺው። ስትተኚ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ።

እረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ጌብ ሚርኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። የሚገርመው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ሐሳቡን ከለስ አደረገው። በረዶ ሕመም ያስታግሳል እንጂ መዳኑን አያፋጥንም፤ እረፍቱም ሲበዛ ይጎዳል አለ። እኔም ካንቺ ጋር የምጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ወይ ወንበር ላይ ትወጫለሽ፣ ወይ ደግሞ «ወር ሙሉ ልተኛ ነው» ትያለሽ። መሀል የለሽም። ከ30 ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየ10 ዓመቱ በግምት ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ወር አልጋ ላይ ከዋልሽ ደህነኛው እግርሽም ይሰንፋል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ተቀምጠሽ እግርሽን ከቁርጭምጭሚቱ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አድርጊ። ትንሽ መሳብ ችግር የለውም፤ ከወጋሽ አቁሚ። ቤት ውስጥ በባዶ እግር ከመሄድ ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጊ፣ ባትሽን ያሳርፈዋል። ከዘራ ከያዝሽ በደህናው እግር በኩል ያዢ፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ነው የሚይዘው፣ ስህተት ነው። መራመዱ ሲቀልሽ ደግሞ ጠረጴዛ ይዘሽ በሁለት እግርሽ ተረከዝሽን አንሺ፣ መልሺ።

ሕመሙ ሲጠፋ ዳንኩ እንዳትዪ። ሳልነግርሽ ቀርቼ እንጂ አምና ኳስ ስጫወት የጭኔ የኋላ ጡንቻ ተሰንጥቆብኝ ነበር። በሳምንቱ ምንም አላመመኝም። ሜዳ ገባሁ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ እዚያው ቦታ ላይ ደገመኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። (አዎ፣ እኔም ደብቄሻለሁ። ከማን እንደተማርኩት ታውቂዋለሽ።)

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃሻል፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳታልፊ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጥሩ አይደሉም። ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳሉ። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትወስጂ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። የባት ሕመም አንዳንዴ የደም መርጋት ይሆናል፤ ከጉዳት በኋላ ብዙ የተቀመጠ ሰው ላይም ይመጣል። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ባትሽ ከቀላና ከሞቀ በዚያው ቀን ታዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ ለእኔ አትደውዪ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከተረከዝሽ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ከዳሰስሽ፣ ወይም እግርሽን ወደ ታች መግፋት ካቃተሽም ሐኪም ይየው።

ነገ ማታ እደውላለሁ። ካሜራውን ወደ እግርሽ አዙሪልኝ፣ ሁለቱንም ባቶች ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። ወንበሩን እህቴ እንድትደብቀው ነግሬያታለሁ፤ እሷን እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያልኳት። መጋረጃው እስክመጣ ይቆይ።

ልጅሽ