ስለ ሃስኪዎቹ የውድድር ዘመን ለአባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ሃስኪዎቹ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን፣ ሰኞ ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ በገና ማግስት፣ ሂዩስተን ላይ በኮሌጆች ብሔራዊ ፍጻሜ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 34 ለ13 ተሸነፈ። ኳስ ይዘው በመሮጥ ብቻ 303 ያርድ ሄዱብን፤ ድሉ ይገባቸዋል። ብዙዎቻችሁ ከልብ እንዳዘናችሁ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያው።

ግን ዓመቱን በዚያች አንድ ማታ አንለካው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለፍጻሜ የደረሰው 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነው። ኦሪገንን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በ3 ነጥብ ብልጫ! ኦክቶበር 2023 ላይ እዚሁ ሲያትል ሐይቁ ዳር፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ኳስ ወርዋሪያችን ፔኒክስ ወርውሮ ተቀባዩ ኦዱንዜ የቀለባት ኳስ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። ፔኒክስ ቀድሞ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እያለ አራት የውድድር ዘመን በጉዳት ተቋርጦበታል፤ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሷል። ያ ልጅ ነው በግማሽ ፍጻሜው፣ በሹገር ቦውል፣ በቴክሳስ ላይ 430 ያርድ የወረወረው። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው የሃይስማን ሽልማት ድምፅ ሁለተኛ ሲያደርገው አልተዋጠልኝም።

መቺውን ግሮስንም አትርሱት። ስኮላርሺፕ ሳይኖረው ይጫወት ነበር። ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በየዓመቱ በምናደርገው ጨዋታ፣ በአፕል ካፕ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ42 ያርድ መትቶ 24 ለ21 አሸነፍን፣ ስኮላርሺፑም እዚያው መልበሻ ክፍል ተሰጠው።

አሰልጣኛችን ዴቦር ከፍጻሜው በኋላ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በ2024 ቢግ ቴን ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ገባን፤ ሚሺጋንም በዚያው ዓመት መጸው ሲያትል መጣ።