ውርጃና ጠመንጃ ከማኅበራችን አይውጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ከዳላስ የተላከ የአንድ አንባቢ ደብዳቤ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው በእድርና በማኅበር ስብሰባዎቻችን ላይ ስለ ጽንስ ማስወረድና ስለ ጠመንጃ ቁጥጥር የሚነሡ ክርክሮች ወዳጅን ከወዳጅ እያራራቁ ስለሆነ በመተዳደሪያ ደንብ ይከልከሉ ብለዋል። ስጋታቸው እውነተኛ ነው። እኔም በእነዚህ ጉዳዮች ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈጉ አብሮ አደጎችን አውቃለሁ። ያቀረቡት መፍትሔ ግን ከቶ አላስማማኝም፤ ምክንያቴን እንድገልጽ ቦታ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። የአገር ቤት ሕግና ታሪክ ካነሣሁበት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለቅሶ ቤትና ተዝካር ላይ ይህ ነገር ባይነሣ እስማማለሁ። ሐዘንተኛ ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሟገት ነውር ነው። ማኅበራችን ግን ከቅዳሴ በኋላ ቡና ይዘን የሥራውን፣ የልጆቹን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ጭንቀት የምንካፈልበት ቦታ ነው። እዚያ ዝም ከተባባልን እያንዳንዳችን ቤታችን ገብተን የምንወደውን የቴሌቪዥን ጣቢያ እንከፍትና፣ ጎረቤታችን ምን እንደሚያስብ ከባላጋራው አፍ እንሰማለን።

እኔ ደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ አሁን በጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ዜግነት ስላለኝ ድምፅ እሰጣለሁ። አቋሜን አልደብቅም። የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29 ቀን በምታከብር ቤተ ክርስቲያን ያደግኩ ሰው ነኝና፣ በማኅፀን ያለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ጠመንጃ የሚገዛ ሁሉ ከማንም ቢገዛ ማንነቱና ያለፈ ወንጀሉ መጣራት አለበት ብዬም አምናለሁ። በዚህ አገር እነዚህ ሁለት እምነቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው አይኖሩም የሚል ያልተጻፈ ደንብ ያለ ይመስላል። ስለ ጽንስ ስናገር የሰሙኝ ሪፐብሊካን ነህ ይሉኛል፤ ስለ ጠመንጃ ስናገር የሰሙኝ ዴሞክራት ያደርጉኛል። ጥያቄዬን የሚመልስልኝ ግን አጣለሁ።

ታሪኩ እንዲህ አልነበረም። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገን የካሊፎርኒያ ገዥ ሳሉ በ1967፣ በአንዱ ዓመት፣ ጽንስ ማስወረድን የሚያላላውንም ሕግ፣ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ በአደባባይ መዞርን የሚከለክለውንም ሕግ ፈርመዋል። በውርጃው ሕግ በኋላ መጸጸታቸውን ተናግረዋል። በ1994 ደግሞ ከቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ከፎርድና ከካርተር ጋር ሆነው፣ ኮንግረሱ የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃዎችን እንዲያግድ በደብዳቤ ጠይቀዋል። ሁለቱ ጉዳዮች እንደ ጥንድ በሬ በአንድ ቀንበር የተጠመዱት ቀስ በቀስ፣ በምርጫ ስሌት ነው። ለእኛ ለመጤዎቹ ግን ከነቀንበሩ ተሰጠን፤ ብዙዎቻችንም ሳንጠይቅ ተቀበልን።

በቴክሳስ ሁለቱ በአንድ ቀን ደጃችን ደረሱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የጽንሱ የልብ ምት ከተሰማ በኋላ፣ ማለትም ከስድስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ ጽንስ ማስወረድን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ማንኛውም ግለሰብ ድርጊቱን የፈጸመውንም የረዳውንም ከስሶ ቢያንስ 10,000 ዶላር እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በዚያው ቀን ዕድሜው 21 የሞላውና መሣሪያ ከመያዝ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ይዞ እንዲንቀሳቀስ የሚያስችለውም ሕግ ጸና። ስንቱ ወገናችን በኡበርና በሊፍት ሾፌርነት ልጆቹን ያሳድጋል! ተሳፋሪ ወደ ክሊኒክ ያደረሰ ሾፌር ይከሰሳል የሚል ስጋት በመነሣቱ ሁለቱ ኩባንያዎች የተከሰሱ ሾፌሮቻቸውን የጠበቃ ወጪ እንሸፍናለን እስከማለት ደርሰው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአደባባይ ሽጉጥ የመያዝን መብት ያሰፋበት ውሳኔ ጁን 23፣ ጽንስ ማስወረድን በአገሪቱ ሁሉ መብት ያደረገውን፣ ሮ የተባለውን የ1973 ፍርድ የሻረበት ውሳኔ ደግሞ ጁን 24 ቀን ተሰጠ። ይህ ሁሉ በእኛ ሾፌሮች፣ በእኛ ነርሶች፣ በእኛ ባለሱቆች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተኳሽ የመደበቅ ልምምድ በሚያደርጉ ልጆቻችን ላይ እየሠራ፣ እኛ ብቻ አንነጋገርበት?

በጠመንጃው ጉዳይ ከማንም በላይ የምሟገተው አንድ ወዳጄን ነው፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። እሳቸው "መምህር" ይሉኛል። ሌሊት ብቻቸውን ይቆማሉ፤ ጭንብል ባጠለቁ ሰዎች ሽጉጥ ተደቅኖባቸው ያውቃል። ፖሊስ የመጣው ሌቦቹ ከሄዱ በኋላ ነበር። ከባንኮኒው በታች ሽጉጥ ማስቀመጥ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስንነጋገር ፎርት ወርዝ አጠገብ በዋይት ሴትልመንት ዲሴምበር 2019 የሆነውን ያነሣሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተኩስ ከፍቶ ሁለት ምእመናን የገደለውን ሰው፣ መሣሪያ የታጠቀ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ በሰከንዶች ውስጥ ጣለው። ይህ እውነት ነው። እውነት መሆኑን ሳልቀበል ወደ እኔ ነጥብ ልሻገር አልችልም፤ ብሞክርም አይሰሙኝም።

ከዚያ ሁለታችንም ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ላይ እንገናኛለን። ኖቬምበር 5 ቀን 2017 በዚያች ትንሽ የቴክሳስ መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ነፍስ ጠፋ። እሳቸው ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ የወጣውን፣ ገዳዩን ያቆሰለውን ጎረቤት ያነሣሉ። እኔ ደግሞ ገዳዩ በአየር ኃይል ሳለ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ ተፈርዶበት እንደነበር፣ አየር ኃይሉ ፍርዱን ለፌዴራሉ መዝገብ ባለማስተላለፉ የግዢ ማጣሪያውን አልፎ መሣሪያ መግዛቱን አነሣለሁ። ከ26ቱ መካከል አንዱ ገና ያልተወለደ፣ ከእናቱ ጋር የሞተ ጽንስ ነው፤ ቴክሳስ እንደ ሰው ቆጥሮታል። ይህን ቁጥር ባነሣሁ ቁጥር ያመኛል። ጽንሱን የሚቆጥር ሕግ አውጪ፣ ጽንሱን የገደለው ጥይት ከየት እንደተገዛ ለምን አጥብቆ አይጠይቅም? በ2019 በሚድላንድና በኦዴሳ ሰባት ሰው የገደለው ሰውዬ ከዓመታት በፊት በማጣሪያ ወድቆ መሣሪያ ተከልክሎ ነበር፤ በኋላ ያለ ማጣሪያ ከግለሰብ ገዛ። ፈቃድ ያለው ነጋዴ የገዢውን ማንነት ማጣራት የፌዴራል ግዴታ አለበት፤ በቴክሳስ ለግለሰብ ሻጭ ግን ይህ ግዴታ የለም።

"እንግዲያው ምን ዓይነት ሕግ ይጻፍ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ክርክራችን መልክ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ሽያጭ ማጣሪያ ቢኖር አይጠሉም። የሚፈሩት የስም ዝርዝርን ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ መሣሪያ ፍለጋ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስስ ወጣት ነበሩ፤ ወታደር ጣራውን ሲነቅል፣ ጎረቤት ተወስዶ ሲቀር ዐይተዋል። "መንግሥት ብረት ያለውን ሰው ሁሉ በመዝገብ ከያዘ፣ አንድ ቀን መዝገቡን ይዞ ይመጣል" ይላሉ። እኔ የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ መዝገብ እንዳይቋቋም መከልከሉን ነገርኳቸው። "ሕግ በሕግ ይሻራል፣ መምህር" አሉኝ። ይህን ፍርሃት ከየትኛው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ልሰማው እችል ነበር? አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ሰው ጠመንጃ አምላኪ ብለው ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ይህ በደል ነው።

ያልተስማማንበት ብዙ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደመዘገበው በ2021 በዚህ አገር በጥይት ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በገዛ እጃቸው የሞቱ ናቸው። ወዳጄ ይህ የአእምሮ ሕመም እንጂ የብረት ጥፋት አይደለም ይላሉ። እኔ ልጁ በጭንቀት ተውጦ ክፍሉን ዘግቶ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ያልተቆለፈ ሽጉጥ መኖሩ ለውጥ አለው እላለሁ። የልጆቻችንን ጭንቀት ከዘመድ በምንደብቅበት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሌባው ጥያቄ ይበልጣል፤ ይህን በየስብሰባው ከመናገር አልመለስም።

በጽንሱ ጉዳይ የምትሞግተኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናት፤ ጸሎተኛም ናት። ስለ በሽተኞቿ ስምና ሁኔታ አታወራም፤ ሥራው እንዴት እንደተለወጠ ግን ታስረዳኛለች። አንዲት እናት በ18ኛው ሳምንት የሽርት ውኃዋ ቢፈስ፣ ጽንሱ የመትረፍ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው፤ እናትየዋ ደግሞ በየሰዓቱ ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች። ድሮ ሐኪሙ ከእሷና ከባሏ ጋር ተነጋግሮ ይወስን ነበር። ከኦገስት 2022 ወዲህ ባለው የቴክሳስ ሕግ ጽንስ ያቋረጠ ሐኪም እስከ ዕድሜ ልክ እስራትና ቢያንስ 100,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ሕይወቷን ወይም ዋና የሰውነት ሥራዋን ለከባድ አደጋ የሚጥል ሁኔታ ሲኖር ግን ይፈቀድለታል። አደጋው ከባድ የሚባለው መቼ ነው? ትኩሳቱ ሲጀምር ነው ወይስ ደሟ ሲመረዝ? "ጋሼ፣ ጽንሱ የሚድን ቢሆን ማን ይጠላል?" አለችኝ። "የማይድን መሆኑን እያወቅን እናትየዋ እስክትታመም ድረስ ቁሙና ተመልከቱ የሚለውን ግን አንተ ትጽፈው ነበር?"

አልጽፈውም። ጽንስ ሰው ነው የሚለው እምነቴ እናቲቱን ለሞት አሳልፎ መስጠትን አይጠይቅም። በዲሴምበር 2023 ከዳላስ አካባቢ የሆነች የሁለት ልጆች እናት፣ ጽንሷ ከባድ የክሮሞዞም ችግር እንዳለበት ተነግሯት ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛዋ ፈቀዱላት፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከለከላት፤ ከቴክሳስ ውጭ ሄዳ አስወረደች። በዚህ ጉዳይ እኔና ነርሷ ዛሬም አንድ አይደለንም፤ በሕይወት የመቆየት ተስፋው ትንሽ የሆነ ልጅም ልጅ ነው እላለሁ። እሷ ግን ሕጉ ጤናማውንም ጽንስ በሚመለከት እስከ 24ኛው ሳምንት ድረስ ውሳኔውን ለሴቲቱ መተው አለበት ትላለች፤ በአሥረኛው ሳምንት ላለው ጤናማ ጽንስ ጥብቅና የሚቆምለት ማን ነው ስላት፣ "እናቱ" ትለኛለች። በቂ መልስ አይደለም እላለሁ። በእናቱ የማታምን ከሆነ በማን ልታምን ነው ትለኛለች። ከዚህ ወዲያ አልተሻገርንም።

ይህን በመሰለ ንግግር ግን ሕግ ሲታረም ዐይቻለሁ። በ2025 የቴክሳስ ምክር ቤት ሐኪሞች እናትን ለማዳን ሞት ደጇ እስኪደርስ መጠበቅ እንደሌለባቸው የሚያብራራ ሕግ አውጥቷል። ያቀረቡት የስድስት ሳምንቱን ሕግ ያመነጩት ሴናተር ራሳቸው ናቸው፤ የተቃራኒው ፓርቲ አባላትም ደግፈውታል። የነርሷን ጥያቄ አይመልስም፤ ሐኪሙ ግን ቢያንስ ሞትን እንዲጠብቅ አይገደድም።

አገር ቤት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የተጸነሰ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ሲጋለጥ እያለ ይሄዳል። ቴክሳስ ለተደፈረች ሴት እንዲህ ያለ ልዩ ሁኔታ የላትም። የአገር ቤቱ ዝርዝር ለእኔ በአንዳንድ ቦታ ይሰፋብኛል፤ ነገር ግን በየትኛው ነጥብ እንደማልስማማ ጣቴን አስቀምጬ ማሳየት እችላለሁ።

ለደብዳቤው ጸሐፊ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እኛ እኮ በልሃ ልበልሃ የተባለ ሙግት የነበረን ሕዝብ ነን። ተሟጋቾች መንገደኛ ዳኛ አስቁመው፣ ማር ወይም በቅሎ አስይዘው፣ ቆመው በሥርዓት ይከራከሩ ነበር፤ ጠብ ሲያይል "በሕግ አምላክ" ሲባል እጅ ይሰበሰብ ነበር። ስለዚህ ክልከላ በደንባችን ከምናስገባ አንድ ምሽት እንመድብ። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃዋሚውን ቃል ተቃዋሚው "አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው" እስኪል ድረስ ይድገም። ማንም "ይከልከል" ወይም "ይፈቀድ" ብሎ አይቀመጥ፤ የቱ ይከልከል፣ ለማን ይፈቀድ፣ ማን ይቀጣ፣ ስንት ይቀጣ የሚለውን ይናገር። የፓርቲ ስም ያነሣ ተራው ይለፈው።

ነዳጅ ማደያው ወዳጄና ነርሷ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ጸሐፊውም መጥተው ዝምታ ይሻላል የሚለውን አቋማቸውን ራሳቸው ቢያስረዱን፣ የመጀመሪያውን ተራ ለእሳቸው እንሰጣለን። አድራሻዬን ለአዘጋጆቹ ትቻለሁ።

የቀድሞ የታሪክ መምህር
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ