አባዬ፣ ተወካይነቱን ተቀብያለሁ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

ስለ ዩኒየኑ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበራችን፣ ስነግርህ «እባክሽ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» አልከኝ። ስጋትህ ይገባኛል። ምድር ባቡር እያለህ፣ በየካቲት 1966 የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራውን የ4 ቀን አድማ አይተሃል። ወራት ሳይቆይ ደርግ መሪዎቹን ሲያስር፣ ኋላም ማኅበሩን ሲያፈርስ አይተሃል። ያንን ያየ ሰው ልጁን «ተይ» ቢል አይፈረድበትም።

ዋሽንግተን ያለው የእኛ ማኅበር ሎካል 689 ይባላል። የአውቶቡስና የሜትሮ ሠራተኞች ማኅበር ነው፤ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አውቶቡሱንና ባቡሩን ከሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ከሜትሮ ጋር በኮንትራት ካልተስማማን ጉዳዩ ገለልተኛ ሰዎች ወደሚወስኑበት ግልግል ዳኝነት ይሄዳል። ስለዚህ በየምክንያቱ አድማ የለም።

ሲመጣ ግን ይመጣል። ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ያለውን ሲንደር ቤድ የሚባል ጋራዥ፣ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበትንና የሚወጡበትን፣ ሜትሮ ለግል ኩባንያ ሰጥቶት ነበር። ሾፌሮቹ ያንኑ የሜትሮ አውቶቡስ እየነዱ የሚከፈላቸው ከሜትሮ ሾፌሮች ያነሰ ነበር። በኦክቶበር 2019 ሥራ አቆሙ። በዚያ ብርድ ከሁለት ወር በላይ ጸኑ። ደሞዛቸው ተሻሻለ፤ ጋራዡም ወደ ሜትሮ እንዲመለስ ስምምነት ተደረሰ። አባዬ፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የእኔ ድርሻ ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ የጋራዣችን ተወካይ መሆን። ተሳፋሪ ሲከስ ወይም መኪና ሲጋጭ ሾፌሩ ቢሮ ይጠራል። አብሬው እገባለሁ። የቀረበበትን አነባለሁ፣ የካሜራው ምስል እንዲታይ እጠይቃለሁ፣ የሾፌሩን ቅሬታ የማስገቢያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ አስገባለሁ። ቀኑ ካለፈ እውነት ቢኖረውም ዋጋ የለውም።

በተለይ የሚያንገበግበኝ የእኛ አገር ልጆች ነገር ነው። አዲስ የገቡት ወረቀት ሲሰጣቸው አለቃውን አክብረው፣ ሳያነቡ ይፈርማሉ። «አልገባኝም» ማለት ያፍራሉ። ያ ፊርማ ፋይላቸው ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ጊዜ ይመዘዝባቸዋል። በአማርኛ «ቆይ፣ አትፈርም» የሚላቸው ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው እሺ ያልኩት።

ከሥራ ያባርሩሻል ብለህ አትስጋ፤ ተወካይ በመሆኔ ቢነኩኝ ማኅበሩ ዝም አይልም።

እሑድ እደውላለሁ። በ1966ቱ አድማ ሰሞን ድሬዳዋ ምን እንደነበር፣ አንተም የት እንደነበርክ ነግረኸኝ አታውቅም። እስቲ ያኔ ንገረኝ።

ልጅህ