ስለ «ብረት አገጭ» ስትጽፉ ስለ አንገቱም ጻፉልን

ለተከበሩ የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፦

ቡጢ በመቻል ስለታወቁ ቦክሰኞች በተጻፈ ቁጥር «ብረት አገጭ»፣ «ከአለት የተፈለፈለ» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ፤ ማብራሪያ ግን የለም። ገና ጓንት ማጥለቅ የጀመረ ወጣት ይህን ሲያነብ ችሎታው አብሮ የሚወለድ፣ አለዚያም እየተመቱ የሚገኝ ይመስለዋል። በተለይ ሁለተኛው ግምት ሰው ያበላሻል። የጻፍኩላችሁም ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎቹ መደነቃቸው ተገቢ ነው። ካናዳዊው የከባድ ሚዛን ተፋላሚ ጆርጅ ቹቫሎ በ93 የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች አንድም ጊዜ አልወደቀም። በ1966 ቶሮንቶ ላይ ከመሐመድ አሊ ጋር 15ቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ። ጆ ፍሬዘር በ1967፣ ጆርጅ ፎርማን በ1970 ሲያሸንፉት እንኳ ዳኛው አቋረጠው እንጂ መሬት አልነካም። ማርቪን ሃግለር በ67 ግጥሚያዎች ወደቀ ተብሎ የተቆጠረበት አንዴ ብቻ ነው፤ በ1984 ከሁዋን ሮልዳን ጋር። ያንንም ብዙዎች ተንሸራቶ ነው ይላሉ። በዓመቱ ቶማስ ሂርንስ በመጀመሪያው ዙር ያለ የሌለ ኃይሉን አውርዶበት የተሰበረው የራሱ የሂርንስ ቀኝ እጅ ነበር። ጄክ ላሞታም በ1951 በሹገር ሬይ ሮቢንሰን በ13ኛው ዙር ሲሸነፍ ገመዱን ተደግፎ እንደቆመ ነው።

እነዚህ ሰዎች ምን ነበራቸው? አጥንታቸው ከሌላው ሰው የተለየ ሆኖ አይደለም። ሰው ራሱን የሚስተው ጭንቅላቱ በድንገት ሲዞር ነው፤ አንጎል በፈሳሽ ውስጥ ያለ ለስላሳ አካል ስለሆነ የራስ ቅሉ ሲሽከረከር ወደኋላ ይቀራል፣ የነርቭ ክሮቹም ይጠመዘዛሉ። በር የሚገፋ ሰው ማጠፊያው አጠገብ ከሚገፋ ጫፉን ቢገፋ እንደሚቀለው ሁሉ፣ አገጭ ከአንገት መዞሪያ ርቆ ስለሚገኝ ከጎን የመጣ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን የሚሰነዘር ቡጢ) በትንሽ ጉልበት ጭንቅላቱን ያዞረዋል። ግንባር ላይ ያረፈ ከባድ ቡጢ ሲቻል አገጭ ጫፍ ላይ የነካ ቀላል ቡጢ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነስተን ስናየው መቻል ከሁሉ በፊት የአንገት ጉዳይ ነው። ጭንቅላት ብቻውን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። አንገቱ ቡጢው ከማረፉ በፊት ከጠነከረ ጭንቅላቱ ከትከሻና ከደረት ጋር እንደ አንድ አካል ይሆናል፤ ያንኑ ቡጢ የሚሸከመው ክብደት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። «ከማረፉ በፊት» የምትለዋን አደራ። የአንገት ጡንቻ የሚጠነክረው ቡጢው ሲታይ ነው፤ ሳይታይ የመጣ ቡጢ የላላ አንገት ያገኛል። ስለዚህ ዓይንን እስከ መጨረሻው ገልጦ የባላጋራን ደረትና ትከሻ መከታተል የመቻል ግማሹ ነው። ቡጢ በመጣ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ አንገቱ የበሬ ቢሆን ይወድቃል።

አንገት የሚሠራው እንዲህ ነው። መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ ጭንቅላቱ ሳይነቃነቅ መግፋት፣ ከ6 እስከ 10 ሴኮንድ። ከዚያ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ። በየአቅጣጫው 5 ጊዜ፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከግማሽ ጉልበት በላይ አይገፋም። ክብደት የሚንጠለጠልበት የራስ ማሰሪያ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ጀማሪን በራስ ቅሉ ተደግፎ ጀርባውን እንዲያጎብጥ ማዘዝ የአንገት አጥንትን መጨፍለቅ ነው፤ ይቅር። ሌላው የተለመደ ስህተት አንገትን ከልምምድ ግጥሚያ በፊት ማሠራት ነው፤ የደከመ አንገት ደግሞ ያላሠለጠኑት አንገት ማለት ነው። ከግጥሚያው በኋላ ወይም በሌላ ቀን ይሁን።

ቀጥሎ አቋም። አገጭ ወደ ደረት ይገባል፣ ከፊተኛው ትከሻ ኋላም ይሸሸጋል፤ ዓይን በቅንድብ ሥር ያያል። አንገትን እንደ ኤሊ ወደፊት ማስገግ ግን አገጩን ለአፐርከት (ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ቡጢ) መስጠት ነው። አገጭ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኋለኛው እጅ ሲወረወር ነው፤ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ) የወረወረው እጅ ዝቅ ብሎ ሲመለስም በዚያው ክፍተት የባላጋራ ቀኝ ይገባል። አፍ ይዘጋል፣ መንጋጋ የጥርስ መከላከያውን ይነክሳል፣ ትንፋሽ በአጭር በአጭሩ በአፍንጫ ይወጣል። ሲደክም አፉን የሚከፍት ቦክሰኛ መንጋጋው ለስብራት የተዘጋጀ ነው። በፈላ ውሃ ለስልሶ በጥርስ የሚቀረጸው መከላከያ የኋላ መንጋጋ ጥርሶችን መሸፈን አለበት፤ አፍ ሲከፈት ከወደቀ በደንብ አልተቀረጸም፣ እንደገና ይቀረጽ። ጥቅሙ ለጥርስና ለመንጋጋ ነው፤ አንጎልን ያድናል ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም። የራስ መከላከያም እንዲሁ መተርተርንና መላጥን ይቀንሳል፣ የጭንቅላትን መዞር ግን አያስቀርም፤ ዳር ዳሩን እይታም ይጋርዳል። የዓለም አማተር ቦክስ ማኅበር በ2013 ከታላላቅ የወንዶች ውድድር አንስቶታል፣ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክም ወንዶቹ ያለሱ ተጋጥመዋል።

ከቡጢው ጋር መሄድም አለ። ጭንቅላትን ቡጢው በሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ማዞር የግጭቱን ጊዜ ያረዝማል፣ ኃይሉም ይበተናል። አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ሲቀበል አብዛኛውን በክንዱ ነበር የሚያስቀረው፤ ወደኋላ የሚለጠጠው ገመድም የቀረውን ያለዝብለት ነበር። በስምንተኛው ዙር የደከመውን ፎርማን ዘረረው። ለውድድር ሚዛን ብሎ ላብ አስወጥቶ ክብደት የቀነሰ ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅም እግሩም ዓይኑም ይዘገያል፤ በሚዛኑ ማግስት «አገጩ ከዳው» የሚባለው አንዳንዴ የሰውነት ውሃ ማነስ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አለመውደቅ አለመጎዳት አይደለም። የሚወድቅ ቦክሰኛ ጨዋታው ይቆምለታል፤ የማይወድቀው ግን ሌላ 200 ቡጢ ይቀበላል። ጄሪ ኳሪ ከአሊና ከፍሬዘር ጋር የተፋለመ ደፋር ነበር፤ በ1999 በ53 ዓመቱ ሲሞት አእምሮው ከቦክስ በመጣ የመርሳት በሽታ ደቆ ነበር። ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር እየተመታ ወደፊት መሄዱን አልተወም፣ በ14ኛው ዙር ወደቀ፣ ከቀናት በኋላ ሞተ። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ወደ 12 ዙር ያወረደው ከዚያ ወዲያ ነው።

አሰልጣኞች ሆይ፣ በመመታት ሰው አይጠነክርም። ጠንከር ያለ የልምምድ ግጥሚያ በሳምንት አንዴ፣ 3 ወይም 4 ዙር፣ በ16 አውንስ ጓንት፣ በሚዛን ከሚቀራረብ ሰው ጋር ይበቃል። እግሩ የተሳሰረ፣ የስንተኛ ዙር እንደሆነ የረሳ፣ ራሱን የሚያመው ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሪንግ አይመለስም፤ ሐኪም ሳይፈቅድ ደግሞ ጭራሽ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስታወከ፣ እንቅልፍ ከጫነው ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ እንዲያርፍ አይተውት፣ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ። በ1975 ማኒላ ላይ ፍሬዘር ከአሊ ጋር ሲፋለም አሰልጣኙ ኤዲ ፉች ከ14ኛው ዙር በኋላ፣ አንድ ዙር ብቻ ሲቀር፣ ፍሬዘር እየተቃወመው ግጥሚያውን አቆመ። ያ ውሳኔ በአሰልጣኝነት ትምህርት ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የግጥሚያ ዘገባ ስታወጡ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ብቻ አትቁጠሩ፤ የጭንቅላት ቡጢ ቆጠራ ሲኖር አብራችሁ አትሙ፣ ማዕዘኑም (የቦክሰኛው አሰልጣኝና ረዳቶቹ) መቼ ማቆም እንደነበረበት የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቦክስ አሰልጣኝ